ጆይስ ሶምብሩክ ቆማ ሜዳሊያ አልለቀመችም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው የነበረ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ስለ ሆላንዷ የሜዳ ሆኪ በረኛ ስለ ጆይስ ሶምብሩክ ነው። በአማርኛ ስለ ሆኪ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። ስጨርስ ግን ተናድጄ ነበር። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ልጅቷ ከዓለም ኃያል ቡድን ጀርባ ቆማ ሜዳሊያ የለቀመች ዕድለኛ ናት። በ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ እውነተኛ ፈተና ሲመጣባት ወደቀች። የዓመቱ ምርጥ በረኛ የተባለችው ቡድኗ ስላሸነፈ ብቻ ነው። ከዚያ ገና በወጣትነቷ ሜዳውን ጥላ ሄደች፣ እሷ ስትሄድም ምንም የጎደለ ነገር የለም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሲፋን ሐሰን ጋር ያወዳድራታል፤ ሲፋን ሮጣ ያመጣችውን ይቺ ቆማ አገኘችው ይላል።

እሺ ወንድሜ፣ አንድ በአንድ እንየው። ዓመቶቹን አንተ እንዳደረግከው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ቆማ ነው ያገኘችው» ከሚለው እንጀምር። ቡድኑ ኃያል መሆኑን ማንም አይክድም። የሆላንድ ሴቶች እስካሁን 5 የኦሊምፒክ ወርቅና 9 የዓለም ዋንጫ አላቸው። አገሩ ውስጥ በክለብ ተመዝግቦ ሆኪ የሚጫወተው ሰው ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ነው። ግን ይኸው ኃያል ቡድን ከ2006 በኋላ እስከ 2014 ድረስ የዓለም ዋንጫ አላነሳም። በ2010 አርጀንቲና፣ ሮዛሪዮ ድረስ ሄዶ በፍጻሜው 3 ለ 1 ተሸንፎ ነው የተመለሰው። በስሙ ብቻ የሚያሸንፍ ቡድን የለም።

ደግሞስ ብዙ ኳስ የማይመጣበት በረኛ ሥራው ቀላል ነው ያለህ ማነው? በየደቂቃው የሚመታበት በረኛ ሰውነቱ ይሞቃል፣ ዓይኑ ኳሱን ይለምዳል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳይነካ የቆመው ነው የሚቸገረው። ድንገት ፔናሊቲ ኮርነር ይሰጥበታል፣ በቃ፣ የቀኑ ሥራው ያቺ አንዷ ኳስ ትሆናለች። ካመለጠችው ደግሞ ሃያውን ደቂቃ በንቃት መቆሙን ማንም አያስታውስለትም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ፔናሊቲ ኮርነርን ትንሽ ላስረዳ። የገና ጨዋታን አስቡት፣ ዱላና ኳስ። ብቻ ይሄኛው በረኛ አለው፣ 11 ለ 11 ነው፣ ውሃ በተረጨ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው የሚካሄደው። ኮርነሩ ሲሰጥ በረኛዋን ጨምሮ አምስት ሰው ብቻ ጎል መስመር ላይ ይቀራል፣ የቀሩት ተከላካዮች እስከ ሜዳው አጋማሽ ይሸኛሉ። አንዷ አጥቂ ኳሷን ከጎል መስመር ገፋ ታደርጋለች፣ ሌላዋ ጎሉን ከከበበው ክብ መስመር ጫፍ ላይ ታቆማታለች፣ ሦስተኛዋ በዱላዋ ጎትታ ትወነጭፋታለች። ድራግ ፍሊክ የሚሉት ይሄ ነው። ኳሷ ጠንካራ ፕላስቲክ ናት፣ 160 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ በደንብ የተወነጨፈች እንደሆነ ደግሞ ፍጥነቷ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከክቡ ጫፍ እስከ ጎሉ ያለው ርቀት 15 ሜትር እንኳን አይሞላም። ኳሷ ከዱላው ከወጣች በኋላ ለበረኛዋ የሚቀራት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። መጠበቅ ያለባት ጎል ስፋቱ 3.66 ሜትር፣ ቁመቱ 2.14 ሜትር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ማን ወደ መቺዋ እንደሚሮጥ፣ ማን ቋሚውን እንደሚይዝ ጮክ ብላ የምታዘው እሷ ናት። በሶምብሩክ ላይ በልምምድ በየጊዜው የምትመታው ደግሞ በዘመኑ ከዓለም አንደኛ ከሚባሉት መቺዎች አንዷ፣ የቡድን ጓደኛዋ ማርትየ ፓውመን ነበረች።

የምኖረው ኔዘርላንድስ ነው። ልጄ በምትጫወትበት ክለብ የበረኞቹን ዕቃ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለብሼ አይቼዋለሁ። እግር ላይ የሚታሰሩት መከላከያዎች ከትራስ የወፈሩ ናቸው፣ ጫማው ላይ የሚደረበው ደግሞ እግርህን እንደ ልብህ አያስነሳህም። የራስ ቁሩን ስታጠልቀው ከአገጭህ በታች ያለው ነገር ይጠፋሃል፣ እግርህ ሥር ያለችውን ኳስ ለማየት አንገትህን መስበር አለብህ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው እንግዲህ በግማሽ ሰከንድ ወደ ጎን የሚወረወረው። «ቆማ» የሚለውን ቃል የጻፈ ሰው ዕቃውን አንድ ጊዜ ቢለብሰው ጥሩ ነበር።

አሁን ለንደን 2012 ላይ እንምጣ። አንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፍከው፣ «ወርቅ አገኘች» ብለህ። ሶምብሩክ ያኔ 21 ዓመቷ ነበር፣ አልክማር የተወለደች ልጅ። ያኔ የኦሊምፒክ የሆኪ ቡድን 16 ሰው ብቻ ነበር የሚይዘው፣ ስለዚህ አሰልጣኞች አብዛኛውን ጊዜ አንድ በረኛ ብቻ ነበር የሚመርጡት። ሁለት መቶ ሺህ ተጫዋች ካለበት አገር አንድ ቦታ! አሰልጣኙ ማክስ ካልዳስ ያቺን ቦታ ለ21 ዓመት ልጅ ሰጣት።

ግማሽ ፍጻሜው ከኒውዚላንድ ጋር ነበር። 2 ለ 2 አለቀ፣ ጭማሪ ሰዓትም አልለየውም። መለያ ምት ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢ የእግር ኳሱን ሪጎሬ እንዳያስብ። ቀደም ሲል የሆኪም መለያ ከ6.4 ሜትር የሚመታ ሪጎሬ ነበር፣ በለንደኑ ኦሊምፒክ ግን መለያው ሌላ ሆኖ ነበር። አጥቂዋ ኳሷን ይዛ ከጎሉ 23 ሜትር ገደማ ርቃ ትቆማለች። ፊሽካው ሲነፋ 8 ሰከንድ አላት። በረኛዋ ከጎል መስመሯ ትነሳለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ማንም አያግዛት።

ይቺን 8 ሰከንድ በቀስታ ያየ ሰው በረኝነት ምን እንደሆነ ይገባዋል። በጣም ቀድማ ከወጣች አጥቂዋ ታልፋታለች፣ ጎሉ ባዶ ይሆናል። ከዘገየች ደግሞ አጥቂዋ ተረጋግታ ማዕዘን ትመርጣለች። ጥሩዋ በረኛ በፍጥነት ትወጣና ድንገት ቀጥ ትላለች። ሰውነቷን ዘርግታ አጥቂዋን ወደ ማይመቻት ጎን ትገፋታለች። ከዚያ አትወድቅም፣ ትጠብቃለች፣ ምክንያቱም ቀድማ የወደቀች በረኛ አለቀላት። ሰከንዱ እየሄደ ነው፣ አጥቂዋ መምታት ግዴታ ይሆንባታል። ኳሷ ተመልሳ ብትመጣ እንኳን 8 ሰከንዱ እስኪያልቅ ድረስ ጨዋታው አላለቀም፣ እንደገና መነሳት አለባት። ሶምብሩክ ይህን ነው ያን ዕለት በሰማያዊው የለንደን ሜዳ ላይ በ21 ዓመቷ ያደረገችው። ኒውዚላንዶች ያስቆጠሩት አንድ ብቻ ነው። ሆላንድ 3 ለ 1 አለፈች። ከቡድኑ ጀርባ ተደብቃ ነበር ካልክ፣ ያቺን ሰዓት ቡድኑ የት ነበር? መሀል ሜዳ ላይ ተቃቅፎ እሷን እያየ ነበር።

ፍጻሜው ላይ አርጀንቲናን 2 ለ 0 አሸነፉ። በ2014 ዴን ሃግ ላይ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ አውስትራሊያን 2 ለ 0። ሁለት ትልልቅ ፍጻሜዎች፣ በሁለቱም ጎል አልገባባትም። ጎል ያገቡትን በስም እየጠራህ አመስግነሃል፣ ጥሩ ነው፣ ይገባቸዋል። ዜሮዋን የጠበቀችውን ግን ዘለልካት።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ የሪዮው ክፍል ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ።

አንተ የጻፍከው «በመለያ ምት 2 ለ 0 ተሸንፋ ቡድኗን ወርቅ አሳጣች» ነው። ውጤቱ ልክ ነው። ነሐሴ 2016፣ ሆላንድና ብሪታኒያ 3 ለ 3 ወጡ፣ መለያ ምቱን ብሪታኒያ 2 ለ 0 አሸነፈች። አሁን ይቺን 2 ለ 0 ቆም ብለህ አስባት። ዜሮው የማነው? የሆላንድ አጥቂዎች ነው። አራት ተጫዋቾች ሄዱ፣ አራቱም አላገቡም። ከነሱ አንዷ ኤለን ሆኽ ናት፣ ያው ለንደን ላይ ኒውዚላንድን የሸኘችውን ጎል ያገባችው። የብሪታኒያዋ በረኛ ማዲ ሂንች አራቱንም መለሰች። እንግዲህ ሶምብሩክ የመጡባትን በሙሉ ብታድን እንኳን ውጤቱ 0 ለ 0 ነው የሚሆነው! በረኛ ጎል አያገባም። የራሱ ወገን ዜሮ ባስቆጠረበት መለያ ምት ማሸነፍ የቻለ በረኛ ካለ ንገረኝ።

እሷስ ምን አደረገች? በአራት ሙከራ ሁለት ገባባት። ከሁለቱ አንዱ ሄለን ሪቻርድሰን ዋልሽ በመለያው መሀል በጥፋት ተሰጥቷት ከ6.4 ሜትር የመታችው ሪጎሬ ነው፣ እሱን ማዳን ለማንም በረኛ ከባድ ነው። በሩጫ የገባባት አንድ ብቻ ነው፣ የመጨረሻው፣ የሆሊ ዌብ። ሂንች ያን ምሽት ተአምር ባትሠራ ኖሮ ይህ ቁጥር ለወርቅ በበቃ ነበር። ደግሞ ሂንች በመደበኛው ሰዓትም የፓውመንን ሪጎሬ አድናለች። ያ ቢገባ ኖሮ ወደ መለያ ምት መድረስም ባላስፈለገ። የብሪታኒያዋ ኒኮላ ዋይት ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው 3 ለ 3 ያደረገችውን ጎል አንተ አነሳኸው፣ የፓውመንን ሪጎሬ ግን አንድ ቦታ አልጻፍከውም። ለምን?

ሌላም የዘለልከው ነገር አለ። ከፍጻሜው በፊት በነበረው ግማሽ ፍጻሜ ሆላንድ ከጀርመን ጋር 1 ለ 1 ወጥታ በመለያ ምት 4 ለ 3 ነው ያለፈችው። ያኔም በረኛዋ እሷ ነበረች። ከዚያ ካላለፉ የብር ሜዳሊያውም አይኖርም። «እውነተኛ ፈተና ሲመጣ ወደቀች» የምትለው ሴት በሁለት ኦሊምፒክ ሦስት ጊዜ መለያ ምት ላይ ቆማ ሁለቱን አሸንፋለች፣ የተሸነፈችውም የራሷ አጥቂዎች አንድም ባላገቡበት ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ አንድ ሐቅ አለ፣ እሱን አልሸሽም። ሂንች ለሆላንድ ከባድ ሰው ነበረች። በ2015ም ለንደን ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ 2 ለ 2 ከወጡ በኋላ እንግሊዝ በመለያ ምት 3 ለ 1 አሸንፋለች፣ ያኔም በረኛዋ ሂንች ነበረች። ሂንች የዘመኑ ድንቅ በረኛ ናት ብትል ኖሮ እኔም አብሬህ አጨበጭብ ነበር። ሆላንዶችም ያውቁታል፣ ከሪዮ በኋላ በራሳቸው ሊግ አጫውተዋታል። ግን የሂንችን ድንቅነት የሶምብሩክ ድክመት ማድረግ ምን የሚሉት ነገር ነው?

የሽልማቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሶምብሩክን በ2014 እና በ2015 የዓለም ሆኪ ፌዴሬሽን የዓመቱ ምርጥ በረኛ ብሏታል። አንተ «ቡድኗ ስላሸነፈ ነው» አልክ። የ2014ቱን ትንሽ መከራከር ይቻላል፣ የዓለም ዋንጫ ያነሱበት ዓመት ነው። 2015 ግን አሁን እንዳልኩህ በአውሮፓ ፍጻሜ የተሸነፉበት ዓመት ነው፣ ያውም በመለያ ምት፣ ያውም በሂንች። ሽልማቱ ለአሸናፊ ቡድን በረኛ በደፈናው የሚታደል ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት ወደ እሷ አይመጣም ነበር። በ2016 ደግሞ ሂንች ወሰደችው፣ ተገቢም ነበር።

«ሜዳውን ጥላ ሄደች» የሚለው ደግሞ በጣም አሳዝኖኛል። ሶምብሩክ የተሰናበተችው በዳሌ ጉዳት ነው። የሆኪ በረኛ በየልምምዱ ስንት ጊዜ እግሯን ከፍታ እንደምትወርድ፣ ስንት ጊዜ በአንድ ጎን ወድቃ በሌላው እንደምትነሳ ያየ ሰው ዳሌዋ ለምን ቀድሞ እንደተጎዳ አይጠይቅም። ያን ሁሉ ዕቃ ለብሳ ነው ደግሞ። ሕመም ያስቆመውን ሰው «ጥሎ ሄደ» ማለት በኛም ባህል ነውር ነው።

የት ሄደች ታዲያ? ሕክምና እያጠናች ነበር የምትጫወተው። ሆኪ እንደ እግር ኳስ ሚሊዮን የሚከፈልበት ስፖርት አይደለም፣ አብዛኞቹ የሆላንድ ተጫዋቾች ትምህርታቸውን ወይም ሥራቸውን ጎን ለጎን ይዘው ነው የሚዘልቁት። እሷ ደግሞ ከሁሉም የከበደውን መረጠች። ጠዋት ልምምድ፣ ቀን ትምህርት፣ ከዚያ እንደገና ልምምድ፣ መሀል ላይ ፈተና። ሐኪም ሆነች። በ2020 ኮሮና አገሩን ሲያምሰው የኦሊምፒክ ወርቅ ያላት ይቺ ሴት ሕመምተኞች እያየች ነበር። ጽሑፍህ ላይ ይህን «መክሊቷን አባከነች» ብለህ ነው የገለጽከው። እኔ ልጄ እንዲህ ብታባክን ደስታዬን አልችለውም።

«ስትሄድም ምንም አልጎደለም፣ ሌላ በረኛ መጥታ ወርቁን ወሰደች» ብለሃል። አዎ፣ ዮሲን ኮኒንግ ቶኪዮ ላይ ወርቅ ወስዳለች። አነ ቬነንዳል ደግሞ በፓሪስ 2024 ፍጻሜ ከቻይና ጋር 1 ለ 1 ወጥተው በመለያ ምት 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ጎሉ ላይ ነበረች። ሁለቱም በ1995 የተወለዱ ናቸው። ሶምብሩክ ለንደን ላይ ኒውዚላንድን ስታቆም ሁለቱም 16 ዓመታቸው ነበር፣ የበረኛ ዕቃ ለብሰው የሚያድጉበት ዕድሜ። ተተኪ መገኘቱ የቀደመችውን አያሳንስም። አገሩ በረኝነትን ምን ያህል አክብሮ እንደሚያሠለጥን ነው የሚያሳየው። ፓሪስ ላይ የወንዶቹም ወርቅ የመጣው በመለያ ምት ነው፣ በረኛው ፒርሚን ብላክ ጀርመኖችን አቁሞ፣ ያውም በ36 ዓመቱ። «በረኛ ማንም ይሆናል» በሚል አገር ይህ አይደጋገምም።

የሲፋንን ነገር መጨረሻ ላይ አቆየሁት፣ ምክንያቱም እሷን ከማንም ጋር ማጋጨት አልወድም። ሲፋን አዳማ ተወልዳ በስደት ሆላንድ የደረሰች፣ ቶኪዮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ወርቅ፣ በ1,500 ነሐስ፣ ፓሪስ ላይ ደግሞ ማራቶንን ያሸነፈች ጀግና ናት። የኛ ሰው በእሷ ቢኮራ ይገባዋል። ግን እሷን ከፍ ለማድረግ ሌላዋን መርገጥ ለምን ያስፈልጋል? ሯጭ ከተሸነፈ ራሱን ነው የሚጠይቀው። በረኛ ግን አሥር ሰው የሠራውን ስህተት በመጨረሻ እሷ ጋ ተሰብስቦ ይመጣባታል፣ ሲሳካ ምስጋናው ለአጥቂዎቹ፣ ሲበላሽ ወቀሳው ለእሷ። አንተም ያደረግከው ይህንኑ ነው።

ጽሑፍህ አሁንም እየተነበበ ስለሆነ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ስለ ሪዮ የጻፍካት አንቀጽ ውስጥ 3 ለ 3 የሚለውን መደበኛ ውጤት አስገባ፣ ሂንች ያዳነችውን የፓውመንን ሪጎሬ አስገባ፣ አራቱ ሆላንዶች አንድም እንዳላገቡ አስገባ፣ የጀርመኑንም ግማሽ ፍጻሜ አትርሳ። ከዚያ «አሳጣች» የሚለውን ቃል አንተው ራስህ ታወጣዋለህ።